ጳጉሜን 6 ቀንና የጎ ቋንቋ

በዚህ ዓመት በትርፍ ጊዜዬ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ተግባሩም በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈን ቀን ተቀብሎ በእኛ አቈጣጠር መቼ እንደሚውል መመለስ ነው። ወደዚህ ሥራ የገፋፋኝ የታናሽ እኅቴ ነገር ነው። እርሷ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሐኪም ቤቱ ወረቀት በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2011 ይላል። ይህን ወረቀት የተቀበለው አንድ መሥሪያ ቤት ግን የልደት ምስክር ወረቀቷን ሲጽፍ መስከረም 1 ቀን 2004 አለው። ስሕተቱ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን ያች አንዲት ቀን ዓመተ ምሕረቱን ስለ ለወጠችው፣ እናታችን ትምህርት ቤት ልታስመዘግባት በወሰደቻት ጊዜ «ዕድሜዋ በዓመት ያንሳል» ተብላ ተመለሰች፤ አንድ ዓመትም ከቤት ዋለች። ጸሓፊው በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ሴፕቴምበር 11 ብዙውን ጊዜ መስከረም 1 ነው፤ በየአራት ዓመቱ ግን በሉቃስ ዘመን መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን፣ ዐዲሱ ዓመት ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል።

የሠራሁት ፕሮግራም ኤ ፒ አይ ከሚባለው ወገን ነው። ይኸውም ሰው የሚያየው ሥዕልና ቀለም የሌለው፣ ሌላ ፕሮግራም ብቻ የሚያነጋግረው ማለት ነው። በመዝገብ ቤት መስኮት በኩል የተሞላ ቅጽ ሰጥተን የተሞላ ቅጽ እንደምንቀበል፣ ጠያቂው ፕሮግራም ቀኑን በአድራሻው ላይ ጽፎ ይልካል፤ መልሱም ጄሰን በሚባል የአጻጻፍ ሥርዐት ይመለስለታል። ጥቅሙ ይህ ነው፦ የትምህርት ቤት መዝገብም ሆነ በስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ያንኑ ይጠይቃሉ፤ ሒሳቡ በአንድ ስፍራ ከታረመ ለሁሉም ታረመ።

እስከ አሁን የማውቀው ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ነበር። ለዚህ ሥራ ግን ጎ የተባለውን መረጥሁ፤ ሰርቨር ለማቆም የሚያስፈልገው ሁሉ ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀንም መሥራት ይቻላልና። ሮበርት ግሪስመር፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን በጉግል ኩባንያ ስለዚህ ቋንቋ መምከር የጀመሩት ሴፕቴምበር 21 ቀን 2007 ነው። ፕሮግራሜን ብጠይቀው መስከረም 10 ቀን 2000 ብሎ መለሰልኝ፤ እኛ ሚሌኒየሙን ባከበርን በዐሥረኛው ቀን መሆኑ ነው። የቋንቋው ጠባይ ቍጡ ነው። ለአንድ ነገር ስም አውጥተህ ሳትሠራበት ብትቀር፣ ፕሮግራሙን አልተረጕምም ብሎ ይመልስብሃል። ቢሆንም በጥቂት መስመሮች ሰርቨሩን ጽፌ በ8080 ፖርት ላይ አቆምሁት።

እንዲህ የሚቈጣው ቋንቋ ዝም ያለበትን ስፍራ ልንገራችሁ። ጎ ስሞችን በግእዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። በዚህም ደስ ብሎኝ የመልሱን ሦስት ክፍሎች ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብዬ ሰየምኋቸው። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተተረጐመ። ጥያቄ ብልክለት ግን የተመለሰልኝ ሁለት ቅንፍ ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ምንም የለም። ስሕተት አለ የሚል ቃል እንኳ አልነበረም። ሁለት ማታ ሒሳቡን ስመረምር ቈየሁ፤ ሒሳቡ ግን አልነበረም ጥፋተኛው።

በጎ ሕግ፣ ስሙ በካፒታል ማለት በትልቁ የላቲን ፊደል የሚጀምር ክፍል ለውጭ ይታያል፤ በትንሹ የሚጀምር ተሰውሮ ይኖራል። ጄሰኑን የሚጽፈው ክፍል ደግሞ ከእኔ ፕሮግራም ውጭ ስለ ሆነ የሚያየው የተገለጠውን ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ሀ በዐረፍተ ነገር መጀመሪያም በመካከልም ያው ሀ ነው። ካፒታል ስላልሆነ ብቻ ጎ ሁሉንም ከተሰወሩት ጋር ይቈጥረዋል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 (በአውሮፓውያን) ዩ ቲ ኤፍ 8 የተባለውን የፊደል አጻጻፍ የፈጠሩ ናቸው፤ ዛሬ እያንዳንዱ የግእዝ ሆሄ በሦስት ባይት ተጽፎ ዓለምን የሚዞረው በዚያ ነው። እነርሱው የሠሩት ቋንቋ ፊደላችንን ደጅ ማቆሙ አስገርሞኛል። መፍትሔው አጭር ነው፦ ስሞቹን በካፒታል የላቲን ፊደል ጽፎ፣ በየጎናቸው «በጄሰን ላይ ቀን ተብሎ ይውጣ» የሚል ምልክት መለጠፍ። መልሱ በአማርኛ ወጣ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። መነሻዬ መስከረም 1 ቀን 2000 ነው፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ዋለ። ከዚያ ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ቈጥሬ፣ አራት ዓመት 1461 ቀን ስለ ሆነ በ1461 አካፍላለሁ፤ ቀሪውን ለዓመት በ365፣ ከዚያ የተረፈውን ለወር በ30 አካፍላለሁ። የእኅቴን ቀን ብሰጠው ቈጠራው 1460 ሆነ። 1460 ለ365 ሲካፈል በትክክል 4 ነውና፣ ፕሮግራሜ መስከረም 1 ቀን 2004 አለኝ። የተሳሳተውን ወረቀት ቃል በቃል ደገመው! ሰውየውን ስንት ቀን ያማሁት እኔ በዚያው ጕድጓድ ገባሁ። አራተኛው ዓመት 366 ቀን መሆኑን ረስቼ ነው። ቀሪው 1460 በሆነ ጊዜ ከዓመቱ ድርሻ 1 እንዲቀንስ አደረግሁ፤ ያን ጊዜ 3 ዓመት ሞልቶ 365 ቀን ይተርፋል፤ ይህም የዐሥራ ሦስተኛው ወር ስድስተኛ ቀን ነው።

እኔ ራሴ በ1999 የተወለድሁ ስለ ሆነ ከ2000 በፊት ያለውንም ሞከርሁ። ለሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 የመጣው መልስ መስከረም 0 ቀን 2000 ነበር። በፓይተን ከዜሮ በታች 1 ለ1461 ሲካፈል ከዜሮ በታች 1 ደርሶ 1460 ይተርፋል፤ በጎ ግን 0 ደርሶ ከዜሮ በታች 1 ይተርፋል። አንዱን ቋንቋ ለምዶ ሌላውን የሚጀምር ሰው ከሁሉ ይልቅ ይህን ይጠንቀቅ፤ የሁለቱ ምልክት ሲታይ እጅግ ይመሳሰላልና። ቀሪው ከዜሮ በታች ሲሆን 1461 ደምሬበት ከድርሻው 1 ቀነስሁ። ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ለሚጠይቅም 400 የሚል የስሕተት ቍጥር ይመለስለታል።

በመጨረሻ የእኅቴን ቀን እንደ ገና ላክሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ሲል መለሰ። የልደት ምስክር ወረቀቷ ግን እስከ ዛሬ መስከረም 1 እንዳለ ነው፤ እናታችን የእርማት ማመልከቻውን ያስገባችው ባለፈው ወር ነው።