የወይን ቦታና የአባት ዕዳ

ናቡቴ የወይን ቦታውን ለንጉሥ አክዓብ አልሰጥም ያለው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ርስት የሚወርስ ሰው መሬቱን ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ውስጥ የተጠራቀመውንም ይወርሳል። ጤፍ በየዓመቱ ይዘራል፥ ይታጨዳል፤ በከርሞው ማሳው ላይ ሌላ እህል ሊዘራ ይችላል። የወይን ተክል ግን በአንድ ስፍራ ሠላሳ ዓመት፥ ከዚያም በላይ ይቆማል። ስለዚህ ለአፈሩ የተደረገለት በጎም ሆነ ክፉ ነገር እዚያው ይቆየዋል። ለዚህ የፈረንሳይ አገር ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1878 ከአሜሪካ የመጣ ሻጋታ መሰል በሽታ በፈረንሳይ የወይን ቦታዎች ታየ። በሽታው በዝናብ ጊዜ በርጥብ ቅጠል ላይ ይራባል፤ ቅጠሉን ያረግፋል፥ ፍሬውንም ያበላሻል። በ1882 በቦርዶ የዕፅዋት ትምህርት ፕሮፌሰር የነበሩት ሚላርዴ በሜዶክ ወረዳ ሲያልፉ፥ በመንገድ ዳር ያሉት ተክሎች ብቻ ቅጠላቸው እንዳልረገፈ አስተዋሉ። ምክንያቱን ሲመረምሩ፥ መንገደኛ ፍሬውን እንዳይሰርቅ ተብሎ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ተበጥብጦ እንደሚረጭበት ተረዱ። ሌባ ለማስፈራራት የታሰበው ሰማያዊ ውሃ ለካ መድኃኒት ኖሯል! ሚላርዴ ነገሩን ፈትነው በ1885 አሳተሙ፤ የቦርዶ ድብልቅ የተባለውም መድኃኒት በዓለም ተሰራጨ።

ታዲያ ይህ መድኃኒት ከቅጠሉ ወዴት ይሄዳል? መዳብ የታመመውን ቅጠል አይፈውስም፤ በላዩ ተለጥፎ በሽታው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና መርጨት ግድ ይሆናል፤ የታጠበውም ወደ መሬት ይወርዳል። መዳብ ንጥረ ነገር ስለሆነ አይበሰብስም፤ ከሸክላ አፈርና ከብስባሽ ጋር ተጣብቆ በላይኛው አፈር ይቀራል። በ2018 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ በአውሮፓ ማኅበር አገሮች በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ በአማካይ 17 ሚሊግራም ያህል መዳብ ሲገኝ፥ በወይን ቦታዎች ግን 49 ሚሊግራም ያህል ተገኝቷል።

መዳብ በጥቂቱ ለተክል ያስፈልጋል። ሲበዛ ግን የመሬት ትሎችንና በዓይን የማይታዩትን ደቃቅ ነፍሳት ይጎዳል። አፈሩን የሚያላሉት፥ የወደቀውንም ቅጠል አበስብሰው ወደ ተክል ምግብነት የሚመልሱት እነዚሁ ናቸው። ያረጀ ወይን ሥሩ ስለ ጠለቀ ጉዳቱ ብዙም ላይሰማው ይችላል። አሮጌው ተነቅሎ አዲስ ሲተከል ግን የችግኙ ሥር የሚያርፈው በዚያው መዳብ በተጠራቀመበት አፈር ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ ማለት ይህ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ሰው ሠራሽ ኬሚካል ካልተጨመረ አፈሩ ደኅና ነው» ይላል። ነገር ግን በአውሮፓ ያለ ሰው ሠራሽ መድኃኒት የሚያለሙ ገበሬዎችም መዳብ እንዲረጩ ተፈቅዶላቸዋል። እንዲያውም ሌላ አማራጭ ስለሚያንሳቸው ከሁሉ ይልቅ በእርሱ የሚመኩ እነርሱ ናቸው። የአውሮፓ ማኅበር ከ2019 ጀምሮ በአንድ ሄክታር የሚረጨው መዳብ በሰባት ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ወስኗል። ጨርሶ ይቅር ቢባል ዝናብ በበዛበት ዓመት አዝመራው ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ የሚበጀው መንገድ ምንድር ነው? አንደኛ፥ በቀን ቆጠራ ሳይሆን የአየሩን ጠባይ ተከትሎ በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ መርጨት፤ ነፋስ እንዲገባና ርጥበቱ ቶሎ እንዲደርቅም በፍሬው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ማሳሳት። ሁለተኛ፥ በሽታውን የሚቋቋሙ የወይን ዓይነቶችን መትከል። ሦስተኛ፥ በረድፎቹ መካከል ያለውን መሬት ራቁቱን አለመተው። ሣር ወይም ባቄላ ቢዘራበት በተዳፋት ላይ ጎርፍ አፈሩን እንዳያጥብ ይይዘዋል፤ ባቄላውም ናይትሮጅን ይጨምርለታል። ፍግና ብስባሽ ደግሞ አፈሩን ከማዳበራቸው በላይ መዳቡን አጥብቀው ስለሚይዙ ጉዳቱን ያቀልሉታል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በዝዋይ አካባቢ ከተተከለው ወይን የተጠመቀው መጠጥ በ2014 ለገበያ መቅረብ ጀምሯል። የፈረንሳይ ገበሬ የመቶ ዓመት ዕዳ ወርሶ ነው ሒሳብ የጀመረው። አዲስ የወይን ቦታ የሚያለማ ግን ከመጀመሪያው የረጨውን ሊመዘግብ፥ አፈሩንም በየጊዜው ሊያስመረምር ይችላል። የወይን ሊቅ ሲጠየቅ ስለ ጣዕሙ ብዙ ይናገራል፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት «ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚህ አፈር ላይ ችግኝ ይጸድቃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።