ለቀጭኑ ገመድ የሚሰጥ ምክር

ልጄ፣ የዲሽ፣ የኢንተርኔትና የካሜራ ገመድ መዘርጋት ልትጀምር ነው አሉኝ። «12 ቮልት ምን ያመጣል?» የሚልህን አትስማ። ቀጭኑ ገመድ ጉዳት የሚያመጣውም የሚደርስበትም በጎረቤቱና በመንገዱ ነው፤ እነዚህን እወቅለት።

1. ድሪል ከማንሳትህ በፊት ቤቱን ዙር። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ፣ ከላይም ከታችም አትብሳ። የመብራት መስመር የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው።

2. ከ220 ቮልት ጋር በአንድ ቱቦ አታስገባው። የመብራቱ ሽቦ ከተላጠ ኃይሉ በቀጭኑ ገመድ ሄዶ ራውተሩን ያቃጥላል፤ የነካውንም ሰው ይይዛል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቃቸው። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በመስቀልኛ ይተላለፉ።

3. ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ገመድ ከቀዳዳው በታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍና ሽቅብ ይግባ። የክረምቱ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ይወርድና ከእጥፉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ግድግዳህ ውስጥ አይሰርግም። ቀዳዳውንም ወደ ውጭ አዘቅዝቀህ ብሳ፤ ዙሪያውን በሲሊከን ድፈን።

4. የቆርቆሮ ጠርዝ ቢላ ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ገመዱን ይገዘግዘዋል። በዚያ ቦታ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው። ኮርኒስ ውስጥም አይጥ ስላለ እንዲሁ አድርግ። ለቤት ውስጥ የተሠራውን ነጭ ገመድ ፀሐይ ላይ አታውለው፣ ይሰነጣጠቃል፤ ለውጭ የተሠራውን ጥቁሩን ግዛ።

5. ርቀቱን አስላ። የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር አይለፍ። የካሜራ ኃይል ግን ቀድሞ ይደክማል፦ 1 አምፔር የሚስብ ባለ12 ቮልት ካሜራ፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 30 ሜትር ሲርቅ 2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀርበታል። ቀን ደህና ውሎ ማታ የሌሊት መብራቱ ሲበራ የሚጠፋ ካሜራ ካጋጠመህ፣ ካሜራውን ከመውቀስህ በፊት ጫፉ ላይ ቮልቱን ለካ። ሽቦ ስትገዛም ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋው ረከሰ ብለህ አትውሰድ።

6. ገመዱን ሚስማር አጥፈህ አትጨፍልቀው፤ ክሊፕ ተጠቀም። የኔትወርክ ገመድ ጥግ ላይ ሲዞር፣ የእጥፉ ራዲየስ ከገመዱ ውፍረት 4 እጥፍ አይነስ።

7. ሁለቱም ጫፍ ላይ «በር ካሜራ»፣ «ሳሎን» እያልክ ጻፍ፤ ቱቦው ውስጥ ደግሞ መጎተቻ ሲባጎ ተው። ነግ በኔ በል፦ ከዓመታት በኋላ ሌላ ገመድ ጨምርልኝ ተብለህ የምትጠራው አንተው ልትሆን ትችላለህ።