ተገጣጣሚ የመስታወት ክፍል፦ እውነተኛ ዋጋው በሚነሣበት ቀን ይታወቃል

በወሎ ሰፈርና አካባቢው ሱቅ፣ ጸጉር ቤት፣ ቡና መሸጫ ወይም አነስተኛ ቢሮ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ከሕንፃ ላይ መከራየት ነው። ሌላው ፊቱ መስታወት፣ ጎኑ ፓነል ወይም ላሜራ የሆነ ተገጣጣሚ ክፍል አሠርቶ በግቢ ውስጥ ማቆም ነው። በመኖሪያ ግቢም ሰርቪስ ቤት በብሎኬት ከመሥራት ይልቅ ይህንኑ የሚመርጥ አለ። በብሎኬት ወራት የሚፈጀው ሥራ በዚህኛው በቀናት ስለሚያልቅ ምርጫው የሚያስገርም አይደለም።

ይሁንና ገዢው ወደ ሠሪው ሲሄድ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ስንት ነው?» እና «ያምራል ወይ?» የሚሉት። ኪሣራንና ትርፍን የሚለየው ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይዘነጋል። እሱም «አንሣ ብባል ስንቱ ይተርፈኛል?» የሚለው ነው።

የከተማዋ ልምድ

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከንቲባነትን በያዙት በአቶ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ለአነስተኛ ነጋዴዎች በመንገድ ዳር የተሠሩት ትንንሽ ሱቆች «የአርከበ ሱቅ» የሚለውን ስም ይዘው ቀርተዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ተጀመረ። ከመጀመሪያው ዙር መስመሮች አንዱ ከሜክሲኮ ተነሥቶ በሳር ቤትና በጎተራ አድርጎ ወሎ ሰፈር የሚደርሰው ነበር። መንገዱ ሲሰፋና የእግረኛ መሄጃው ሲሠራ በዳር የነበሩ ሱቆችና ቤቶች ተነሥተዋል። ያን ጊዜ በብሎን የታሰረ ንብረት ያለው ፈትቶ ሲሄድ፣ በሲሚንቶ የተያያዘው ደግሞ ፍርስራሽ ሆኗል።

የሁለት ክፍሎች ሂሳብ

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል ሁለት ክፍሎች እንውሰድ። የመጀመሪያው 500 ሺህ ብር ይፈጃል፤ ወለሉ በቦታው የፈሰሰ ኮንክሪት፣ መስታወቱም ለዚያው ቦታ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። ሲነሣ 100 ሺህ ብር ብቻ ያወጣል እንበል። ሁለተኛው 620 ሺህ ብር ነው። ወለሉ በብረት ፍሬም ላይ ያረፈ፣ ግድግዳውም በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሲነሣ 380 ሺህ ብር የሚያወጣ ንብረት ይተርፋል፤ ለክሬንና ለመኪና 40 ሺህ ብር ይከፈልበታል።

ሁለቱም ከ24 ወር በኋላ ቢነሡ የመጀመሪያው ባለቤት 400 ሺህ ብር፣ ሁለተኛው ደግሞ 280 ሺህ ብር ከስረዋል። ለወር ሲካፈል ርካሹ ክፍል 16,667 ብር፣ ውዱ 11,667 ብር ፈጀ ማለት ነው። በአንጻሩ ሁለቱም ሳይነኩ 10 ዓመት ቆይተው ዋጋቸው ቢያልቅ፣ የመጀመሪያው በወር 4,167 ብር፣ ሁለተኛው 5,167 ብር ይሆናል። ስለዚህ ክፍሉን ርካሽ ወይም ውድ የሚያደርገው የሠሪው ተመን ብቻ ሳይሆን በቦታው ላይ የሚቆይበት ዕድሜ ነው። ቦታው አስተማማኝ ከሆነ ርካሹ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ውዱ ያዋጣል።

ከክፍሉ በፊት መሬቱ

የቦታው አስተማማኝነት የሚመዘነው በወረቀት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገዢው የክፍሉ እንጂ ክፍሉ ያረፈበት መሬት ባለቤት አይሆንም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የካሳ መብትን የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በመሆኑም ቀብድ ከመክፈል በፊት የይዞታውን ማረጋገጫ ማየትና ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ወረዳውን ወይም ክፍለ ከተማውን መጠየቅ ይገባል።

በሰው ግቢ ክፍል የሚያቆም ተከራይ ሌላም ጥንቃቄ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንድ ነገር ጋር የተዋሐደና ሳይበላሽ ሊለይ የማይችለውን የዚያው ነገር ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። ከአከራዩ ወለል ጋር በኮንክሪት የተያያዘ ክፍል ኪራዩ ሲያበቃ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። «ክፍሉ የተከራዩ ነው፤ ሲለቅ ፈትቶ ይወስደዋል» የሚል አንቀጽ በኪራይ ውሉ ውስጥ ቢሰፍር ይህን ክርክር ከወዲሁ ይዘጋል።

መስታወቱ

በሚነሣበት ጊዜ ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠው መስታወቱ ነው። ቴምፐርድ የሚባለው ሲሰበር እንደ ጠጠር ስለሚበተን ሰውን ክፉኛ የመቁረጥ ዕድሉ ያነሰ ነው። ነገር ግን ከተጠናከረ በኋላ ሊቆረጥም ሊበሳም አይችልም። ስለዚህ አንድ ወጥ ከሆነ ግዙፍ መስታወት ይልቅ እኩል መጠን ያላቸው በርከት ያሉ መስታወቶች ይመረጣሉ፤ አንዱ ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ በአዲሱ ቦታም በቀላሉ ይገጠማሉ። ክብደቱም አይናቅም። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ይመዝናል። 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነው አንድ መስታወት 60 ኪሎ ነው።

ፀሐይም ትቆጠራለች። የቦሌ መንገድ ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚወርድ በአንዱ ዳር ያለ ሱቅ ፊቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በማዶው ያለው ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ወደ ምዕራብ ያዘነበለ መስታወት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ የጣሪያ ክፈፍ አይጋርደውም። መጋረጃ ወይም ፀሐይ የሚመልስ መስታወት ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን ከአናት ብዙ አትርቅም። ፊቱ በቀጥታ ወደ ሰሜን ለሆነ ክፍል አጭር ክፈፍ ይበቃዋል። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነው ደግሞ በታኅሣሥ ብርድ ሙቀት ያገኛል።

ግድግዳውና አጥንቱ

ሳንዱዊች ፓነል ሲገዛ መሐሉ ምን እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። ፖሊዩሬቴን የተሞላው ሙቀትና ብርድን በመከላከል ነጩን ፎም ይበልጣል። ይሁንና ሁለቱም ይቃጠላሉ። ምድጃ ለሚነድበት ቤት የማይቃጠለው የድንጋይ ሱፍ ያለው ይሻላል። ግድግዳው ነጠላ ላሜራ ብቻ ከሆነ ክፍሉ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ከጣሪያው ጠል ይንጠባጠባል።

አሮጌ ኮንቴይነር ለሚመርጥ፣ የ20 ጫማው 6.06 ሜትር ርዝመትና 2.44 ሜትር ስፋት አለው፤ የውስጥ ወለሉ 14 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ኮንቴይነሩ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከማዕዘን ምሰሶዎቹ ብቻ ሳይሆን ከተሸበሸበው ጎኑም ጭምር ነው። ለመስታወት ሲባል ረጅሙ ጎን ተቆርጦ በምትኩ ጠንካራ የብረት ፍሬም ካልተበየደ፣ ክሬን ሲያነሣው ይጎብጣል፤ መስታወቱም ይሰበራል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ አደጋ ስለሚያመጣ የመሬት መስመር መዘርጋት ግድ ነው።

ፕሮፎርማው

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የተሠራ ነገር ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና፣ 15 በመቶ ቫት በዋጋው ውስጥ መኖሩ፣ ማጓጓዝና መግጠም መካተታቸው በጽሑፍ ይረጋገጥ። ከሁሉም በላይ ገዢው ሠሪውን «ይህን ክፍል ፈትተህ ሌላ ቦታ ለመግጠም ስንት ትጠይቃለህ?» ይበለው። መልሱን በቁጥር የሚሰጥ ሠሪ ክፍሉን ሲሠራ ስለ መፍታቱ አስቦበታል። «አይፈታም» የሚል ሠሪ ደግሞ ክፍሉን ከቦታው ጋር አንድ ላይ እየሸጠ ነው፤ ቦታውን ግን የሚሸጠው እሱ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት አንድ ቀን መዘግየት ዋጋ አያስከፍልም።