ከሞት በኋላ ወደዚህ ዓለም እንመለሳለንን?



ከሞት በኋላ ምን ይጠብቀናል የሚለው ጥያቄ የሰው ልጅ ሁሉ ጥያቄ ነው። በሸቤና ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት የቡና ከተሞች ይህ ጥያቄ በየለቅሶው ድንኳን ይነሣል። በአንድ እድር ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ አብረው ይቀብራሉ፤ ሐዘንተኛውንም አብረው ያጽናናሉ። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን ስለ ሙታን የሚያምኑትን በአክብሮት ማወቅ፣ የራሳችንንም እምነት አጥርተን መናገር ይገባናል። በዚህ ትምህርት በተለይ ነፍስ ሌላ ሥጋ ለብሳ ዳግም ትወለዳለች የሚለውን እምነት እንመረምራለን።

1. በአካባቢያችን ያሉ እምነቶች

ሙስሊም ወገኖቻችን ሟች በርዘኽ በሚባለው ሁኔታ ውስጥ ሆኖ የትንሣኤን ቀን እንደሚጠብቅ ያምናሉ። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ለሟች ፍትሐት ያደርሳሉ፤ በ40ኛው ቀንና በሌሎችም ቀኖች ተዝካር ያወጣሉ። ፕሮቴስታንቶች ትንሣኤ ሙታንንና ፍርድን ቢያምኑም ስለ ሙታን መጸለይን አይቀበሉም። በቀደመው የኦሮሞ ባህላዊ እምነት ደግሞ የሟች መንፈስ ኤከራ ይባላል፤ ከቤተሰቡም ፈጽሞ እንዳልራቀ ይታሰባል።

እንግዲህ ልዩነቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያኑ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሰው በዚህ ምድር የሚኖረው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያም በኋላ በፈጣሪው ፊት ይቆማል።

2. ስለ ነፍስ ፍልሰት የሚያስተምሩ

የነፍስ ፍልሰት ትምህርት በተለይ በሕንድ ሃይማኖቶች ዘንድ የታወቀ ነው። በሂንዱ እምነት ሰው በሠራው ሥራ መጠን፣ ካርማ በሚሉት ሕግ፣ ደጋግሞ ይወለዳል፤ የመጨረሻው ምኞቱም ከዚህ ዙር ነጻ መውጣት ነው። ቡድሃውያንም የማትለወጥ ነፍስ አለች ባይሉም ዳግመኛ መወለድን ያስተምራሉ። ከጥንት ግሪኮች ፒታጎራስና ፕላቶን ይህን የመሰለ ትምህርት ነበራቸው። ብዙ እኅቶቻችን ለቤት ሠራተኛነት በሄዱባት በሊባኖስም ድሩዝ የሚባሉት ሰዎች የሟች ነፍስ ወዲያውኑ ወደሚወለድ ሕፃን ትገባለች ብለው ያምናሉ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች በሚናገረው ሰነድ፣ ቤተ ክርስቲያን በእነርሱ ዘንድ ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር እንደማትንቅ አስታውቋል። በመሆኑም በእነዚህ ሰዎች ላይ ልንሳለቅ አይገባም። ጥያቄያቸው የእኛም ጥያቄ ነው። ጻድቅ ሲሠቃይ፣ ክፉ ሲደላው ለምን ይታያል? በሕፃንነቱ የተቀጨው ሰው ዕጣው ምንድር ነው? ልዩነታችን በመልሱ ላይ ነው።

3. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ?

ሀ) አንዳንዶች መጥምቁ ዮሐንስ ኤልያስ ተብሏልና (ማቴ 11፣14) መጽሐፍ ቅዱስ ዳግም መወለድን ይደግፋል ይላሉ። ይሁን እንጂ ዮሐንስ ራሱ ኤልያስ እንዳልሆነ ተናግሯል (ዮሐ 1፣21)። መልአኩም የሚመጣው በኤልያስ መንፈስና ኃይል እንደሆነ ገልጿል (ሉቃ 1፣17)። ይህም የአገልግሎቱን መመሳሰል ያሳያል እንጂ የነፍስን ፍልሰት አይደለም።

ለ) ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጌታን ጠይቀውት ነበር። ጌታችን የዕውርነቱ ምክንያት የሰውየውም የወላጆቹም ኃጢአት አለመሆኑን ገለጸ (ዮሐ 9፣1-3)። ስለዚህ አካል ጉዳተኛውን ወይም ድሀውን ባልታወቀ የቀድሞ ሕይወት በደል መክሰስ አይቻልም። የእኛ ድርሻ እርሱን መርዳት ነው።

ሐ) ለዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ መሆኑን፣ ከዚያም በኋላ ፍርድ መኖሩን ያስተምራል (ዕብ 9፣27)። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1013 ይህንኑ ጠቅሶ፣ ከሞት በኋላ በሌላ ሥጋ ዳግም መወለድ እንደሌለ በግልጽ ያስረዳል።

መ) ጌታችን ከሙታን ሲነሣ የችንካሩን ምልክት ለቶማስ አሳየው (ዮሐ 20፣27)። የተነሣው ያው የተሰቀለው ነው። እኛም የምንነሣው እያንዳንዳችን በራሳችን ማንነት ነው።

4. “ምትኩ” የሚለው ስም

በአገራችን ልጅ የሞተባት እናት ሌላ ልጅ ስትወልድ ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ብላ መሰየሟ የተለመደ ነው። ስሙ የእናት መጽናኛ ስለሆነ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ያ የሞተው ልጅ ራሱ ተመልሶ መጣ የሚል አሳብ ሲጨመርበት ሁለቱም ልጆች ይጎዳሉ። በሕይወት ያለው ሕፃን የሌላውን ሰው ኑሮ እንዲኖር ይገደዳል፤ የሞተው ደግሞ ይረሳል። በእግዚአብሔር ፊት ግን ሁለቱም ለየራሳቸው የተፈጠሩ፣ በየስማቸው የሚታወቁ ናቸው። ስለዚህ እናቲቱን ስናጽናና የመጀመሪያው ልጇ በእግዚአብሔር እጅ እንዳለ፣ ሁለተኛውም አዲስ ስጦታ እንደሆነ እንንገራት።

5. ለሙታን የምናደርገው

በጸጋ የሞተ፣ ነገር ግን ገና ፈጽሞ ያልነጻ ሰው መንጻት ያስፈልገዋል፤ ይህም ፑርጋቶርዮ ይባላል። የሚነጻው በእግዚአብሔር ምሕረት ነው እንጂ ወደዚህ ዓለም ተመልሶ በሚኖረው ሌላ ኑሮ አይደለም። ይሁዳ መቃብዮስም ለሞቱት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ገንዘብ አሰባስቦ ወደ ኢየሩሳሌም ልኳል (2 መቃ 12፣43-46)። እኛም በመሥዋዕተ ቅዳሴ፣ በጸሎትና በምጽዋት ሙታናችንን እንረዳለን። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ሌላ ዕድሜ ሳይጨመርለት በዚያው ቀን ገነት ተሰጠው (ሉቃ 23፣43)። ስለዚህ ዕርቅን፣ ዕዳ መክፈልንና ንስሐን ለሌላ ዕድሜ ማቆየት አይገባም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በለቅሶ ቤት የሌላ እምነት ተከታይ የሆነውን ሐዘንተኛ እንዴት እናጽናናለን?
2. በሽታንና አካል ጉዳትን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ ማየት በአካባቢያችን አለን? ዮሐንስ 9 ምን ይመልሳል?
3. በዚህ ወር ስማቸውን ጠርተን የምንጸልይላቸው ሙታናችን እነማን ናቸው?