አቀንጭራ የሰብሉን ውሃ እንዴት ይወስዳል?

አብዛኛው ተክል ውሃውን በሥሩ ከመሬት እየሳበ፣ ምግቡንም በቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን እየሠራ ራሱን ችሎ ይኖራል። ከሌላው ወስደው የሚኖሩም አሉ፤ እነዚህን በትምህርት ጥገኛ ተክሎች እንላቸዋለን። ከእነርሱ መካከል አቀንጭራን የመረጥሁት፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በብዛት የሚዘሩት በቆሎና ዳጉሳ እርሱ ከሚያጠቃቸው ሰብሎች ስለሆኑ ነው።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዱ ተክል ብዙ ሺሕ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም ሳይበቅል በመሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። የሚነቃው ከሰብሉ ሥር የሚመነጭ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ሊቃውንት ይህን ዓይነት ንጥረ ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ከጥጥ ሥር ለይተው ስትሪጎል አሉት። ሰብሉ ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚያመነጨው ፎስፎረስ የሚያመጡለትን የመሬት ፈንገሶች ለመጥራት ነው። መሬቱ ሲደኸይ ጥሪው ይበረታል፤ አቀንጭራም አብሮ ይበረታል።

የበቀለው አቀንጭራ ከሰብሉ ሥር ሲደርስ ጫፉ አብጦ ሐውስቶሪየም የሚባል መምጠጫ ይሠራል። ይህም ሥሩን ሰርስሮ ገብቶ ዛይለም ከሚባለው የውሃ መተላለፊያ ጋር ይገናኛል። ውሃ በዛይለም ወደ ላይ የሚሳበው በቅጠል ቀዳዳዎች በኩል በሚወጣው ትነት ምክንያት ነው። በቆሎ ውሃ ሲያጥረው ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ አቀንጭራ ግን ክፍት ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የአቀንጭራው ስበት ስለሚበልጥ ውሃውና በውስጡ የሟሟው ናይትሮጅን ወደ እርሱ ይሄዳል። ቅጠሉ አረንጓዴ ቢሆንም የሚሠራው ምግብ አይበቃውምና ከሰብሉ ስኳርም ይወስዳል።

እንግዲህ ገበሬው ሐምራዊውን አበባ ሲያይ ብዙው ጉዳት ከመሬት በታች ተፈጽሟል። ዝናብ እየጣለ ሰብሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው መሬቱ ተረገመ ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም መድኃኒት አለው። የአገራችን ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ማሽላው ዘሩን የሚያነቃውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ ያመነጫል። አኩሪ አተር እያፈራረቁ መዝራትም ይረዳል፤ ዘሩን ያነቃዋል፣ ነገር ግን ስለማያስጠጋው ቡቃያው ይሞታል። ፍግ መጨመርም ይጠቅማል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክረምት ለዕረፍት ስንገባ አቀንጭራ ዘር ሳያፈራ እንንቀል። ዛሬ የተተወ አንድ ተክል የሚመጡትን የ10 ዓመታት እንጀራ ይሻማልና።