ከሁለት ሸሪኮች አንዱ ሲሞት ድርሻው እንዴት ይገመታል?

ሁለት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዝተው በወንዝ ዳር ሽንኩርት ለማልማት ሲዋዋሉ፥ ትርፉን እኩል እንደሚካፈሉ ይጽፋሉ። አንዳቸው በሞት ቢለይ ምን እንደሚደረግ በውሉ የሚያስገቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለ ሞት ማንሣት እንደ ሟርት ስለሚቆጠር ነገሩ ይታለፋል። የታለፈው ነገር የሚነሣው ከቀብር በኋላ ነው፤ ይኸውም በአንድ ወገን መበለቲቱና ልጆቿ፥ በሌላው ወገን ሥራውን ብቻውን የተረከበው ሸሪክ በሽማግሌ ፊት በተቀመጡ ጊዜ ነው።

«የሟች ድርሻ እኩሌታ ነው» ማለት ክርክሩን አይጨርሰውም። እኩሌታው በየትኛው ዋጋ፥ በየትኛውስ ቀን ተገምቶ ነው?

ለምሳሌ ያህል ሞተሩ ከሦስት ዓመት በፊት በ90,000 ብር ተገዝቶ፥ በየዓመቱ 9,000 ብር የእርጅና ተቀናሽ እየተደረገለት በመዝገብ 63,000 ብር ተጽፎ ይገኛል እንበል። አራቱ በሬዎች በተገዙበት ዋጋ 120,000 ብር ናቸው። በማሳ ላይ ላለው ሽንኩርት 80,000 ብር ወጥቷል፤ ያልተከፈለ ዕዳ 50,000 ብር አለ። በመዝገቡ ቢሄዱ ንጹሑ ሀብት 213,000 ብር ስለሚሆን የሟች ድርሻ 106,500 ብር ነው። ነገር ግን ያው ሞተር ዛሬ በገበያ 150,000 ብር፥ በሬዎቹም 240,000 ብር የሚያወጡ ከሆነ፥ የማሳው ወጪና ዕዳው ባሉበት ሆነው ንጹሑ ሀብት 420,000 ብር ይሆናል፤ ድርሻውም 210,000 ብር ይደርሳል። ሁለቱም ስሌት የሒሳብ ስሕተት የለበትም። ሆኖም በመጀመሪያው ቢሄዱ ወላጅ አልባዎቹ ከሚገባቸው ግማሽ ያህሉን ያጣሉ።

ይህ ጥያቄ የገበሬ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ክሩክሻንክና ሰዘርላንድ በሚባል ክርክር የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1922 ይህንኑ ነገር መርምሮ ነበር። የማኅበሩ ዓመታዊ ሒሳብ ንብረቱን በመዝገብ ዋጋ እየያዘ ኖሯል። ሆኖም ከዚያ በፊት የሞተ ወይም የወጣ ሸሪክ ስላልነበረ፥ ይህ ልማድ የሟችን ወራሾች ሊያስገድድ እንደማይችልና ንብረቱ በትክክለኛ ዋጋው መገመት እንዳለበት ተፈረደ። ውሉ በግልጽ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሙግት ባላስፈለገ ነበር። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ስለሚደነግግ፥ ሸሪኮቹ የግምቱን መንገድ ራሳቸው ሊወስኑ ይችላሉ።

የመሬቱ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። መሬት በኢትዮጵያ ስለማይሸጥ በግምቱ ውስጥ ዋጋ ተሰጥቶት አይደመርም፤ የሟች ይዞታ ከሆነ በክልሉ የመሬት ሕግ መሠረት ወደ ወራሾቹ ያልፋል። በጉልበትና በገንዘብ የተሠራበት ጉድጓድ፥ ቦይ፥ የተተከለ ዛፍ ግን ዋጋ ያለው ሀብት ነውና፥ ሁለቱ በጋራ የሠሩት ከሆነ መቆጠር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በማሳ ላይ ያለው ሰብል ነው። ገና ያልደረሰ ሽንኩርት የወጣበትን ወጪ ብቻ ያወጣል ቢባል ወራሾቹ ይጎዳሉ፤ እንደ ደረሰ ቢገመት ደግሞ በሽታውና የገበያው መውደቅ በቀሪው ሸሪክ ላይ ብቻ ያርፋል። የተሻለው መንገድ ሰብሉን ከግምቱ ለይቶ መከሩን መጠበቅ፥ ከሽያጩም ከሞቱ ቀን ወዲህ ቀሪው ሸሪክ ያወጣውን ወጪና የደከመበትን የጉልበት ዋጋ ቀንሶ የተረፈውን መካፈል ነው። በጎተራ ላለ እህልም ቀኑ መወሰን አለበት፤ በጥር የረከሰው እህል በነሐሴ ሊወደድ ይችላልና።

የቆየው የገበሬ ልማድ በዚህ ረገድ ከጽሑፍ ውል አንዳንዴ ይቀላል። በመቀናጆ የሚያርሱ ሁለት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በሬ ስላላቸው፥ አንዱ ቢሞት በሬው የወራሾቹ ነው፤ የሚቀረው ጥያቄ የተጀመረው እርሻ እስኪፈጸም በሬው ይቆይ አይቆይ የሚለው ነው። በርቢ የተሰጠች ላም ግን ጥጃዎቿ የጋራ ስለሚሆኑ፥ ስንት እንደ ተወለዱና ስንት እንደ ሞቱ የሚያውቅ ምስክር ከሌለ ችግሩ ከሞተሩ ይብሳል።

እንግዲህ ውሉ የሚጻፈው ሁለቱም በሕይወት ሳሉ፥ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ሳይታወቅ ስለሆነ፥ ያን ጊዜ ሁለቱም ለወራሽም ለቀሪ ሸሪክም እኩል ያስባሉ። የሞተሩና የከብቱ ግምት በሞቱ ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ እንደሚሆን፥ ከየወገኑ አንድ አንድ ገማች ተመርጦ ሁለቱ ሦስተኛውን እንደሚጨምሩ፥ ዕዳውም አስቀድሞ እንደሚነሣ ይጻፍ። አከፋፈሉም አይዘንጋ። 210,000 ብር በአንድ ጊዜ አምጣ የተባለ ገበሬ ሞተሩን በችኮላ በርካሽ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ያን ጊዜ ውሃውም ይቆማል፥ መበለቲቱም ሙሉውን ገንዘብ አታገኝም። ክፍያው በሁለት ወይም በሦስት መከር ተከፋፍሎ፥ ሞተሩ በመያዣነት ተጠቅሶ፥ ውሉም በሁለት ቅጂ በምስክር ፊት ተፈርሞ አንዱ ቅጂ በየቤቱ ይቀመጥ።