«ሐቄን ትቻለሁ» ከማለታችን በፊት



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ባለፈው ሴሚስተር በደሴ ግቢ የምትማር አንዲት እህታችን አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ጀመዓችን መጣች። አባቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም፤ እናቷ ቀድመው ሄደዋል። ወረቀቱን የላኩላት ሁለት ወንድሞቿ ናቸው፤ «ፈርሚበት፣ ለቤቱ ጉዳይ ነው» ብለዋታል። ከኮምቦልቻ ለስብሰባ የወጣን ተማሪዎች አብረናት አነበብነው። ርዕሱ «ውክልና» ይላል። ወረድ ብሎ ግን የቤት ድርሻዋን ለወንድሞቿ «በስጦታ ሰጥቻለሁ» የሚል መስመር ገብቷል። እሷ የገባት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፦ «ሐቄን እስክመረቅ እነሱ ይያዙልኝ ብዬ ነው» አለችን።

በዚያ ቀን ከአንድ ወረቀት ሦስት ትርጉም ወጣ። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ ዓሊምም ጠበቃም አይደለንም። የምንጽፈው በመድረሳ የቀራነውን፣ በሥነ ዜጋ ክፍል የተማርነውንና ኡስታዞቻችንን ጠይቀን ያረጋገጥነውን ነው። መጠነ ቁስንና ክብደትን ያምታታ ተማሪ የሚያጣው ሁለት ማርክ ነው። እዚህ ግን ቃል መምታታቱ ቤት ያሳጣል።

ከ«ሐቅ» እንጀምር። በትምህርት ቤት አማርኛ ሐቅ ማለት እውነት ነው። በወሎ ቤቶች ግን «የሰው ሐቅ አትብላ» ሲባል ያደግን ሁሉ ቃሉ ድርሻን፣ ለባለቤቱ የሚገባን ነገር ጭምር እንደሚያመለክት እናውቃለን። ዐረብኛውም ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። «መብት»ን ብዙ ጊዜ ስለ ራሳችን እንናገረዋለን፦ «መብቴ ነው!» ሐቅ ግን ስለ ሌላው ስንናገር ይከብዳል፦ «የሰው ሐቅ አለብኝ።» የፊቅህ ሊቃውንት ሐቅን የአላህና የባሮች ብለው ይከፍሉታል። የባሮች ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አይወርድም፤ ለባለቤቱ መመለስ ወይም ባለቤቱ ራሱ ይቅር ማለት አለበት። ታላቅ ወንድም በእህቱ ስም ይቅር ሊል አይችልም።

«ፍትሕ» ደግሞ ደስ የሚል ቃል ነው። በግዕዝ «ፈትሐ» መፍታትም መፍረድም ነው፤ ፍቺ የሚለው ቃላችንም ከዚያው ሥር ነው። በዐረብኛ «ፈተሐ» ስንል ወዲያው የሚታወሰን መክፈት ነው። ነገር ግን በሱረቱል አዕራፍ 89ኛው አንቀጽ ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) በእሳቸውና በሕዝባቸው መካከል በሐቅ እንዲፈርድ ጌታቸውን ሲለምኑ የመጣው ግሥ ይኸው ነው። በሱረቱ ሰበእ 26ኛው አንቀጽም አላህ «አል-ፈታሕ» የተባለው በፍርድ አገባብ ነው። መድረሳና ትምህርት ቤት ለየብቻ ያስተማሩን ቃል አንድ ሥር አለው ማለት ነው። ዳኛ የተቋጠረውን የሚፈታ ሰው ነው።

«ዐድል» ሚዛን ነው። በግመል ጀርባ ግራና ቀኝ ከሚጫኑት ሸክሞች አንዱ በዐረብኛ «ዒድል» ይባላል፤ አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ ይዞራል። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ግመል ሲጫን ያየ ሰው ለዚህ ቃል መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ፤ «ፈቃድ»። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ አንቀጽ 78(5) ደግሞ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ሊቋቋሙ ወይም እውቅና ሊያገኙ እንደሚችሉ። ቃዲዎቻችን ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ የቃዲዎችና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ የወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ኒካሕን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ኑዛዜን፣ ሂባንና ወቅፍን የመሳሰሉትን ይሸፍናል፤ በሩ ግን ያው ፈቃድ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በተነሣ አንድ የውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን የተቃወመች ሴት ተቃውሞዋ ሳይሰማ ተፈርዶባት፣ ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። እኛ ቅር ሊለን ይገባል ብለን አናምንም። ተገዶ የቆመ ሰው ፊት የሚነበብ የሸሪዓ ፍርድ ለሸሪዓ ክብር አይጨምርም።

ምርጫው ደግሞ ውጤት አለው፤ መሸሸግ አያስፈልግም። ሁለት ወንድምና አንዲት እህት ብቻ ከወረሱ፣ በሱረቱ ኒሳእ 11ኛ አንቀጽ መሠረት ሀብቱ አምስት ቦታ ይከፈላል፤ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ ለእሷ አንድ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ልጆች እኩል ስለሚወርሱ ሲሶ ይደርሳታል። ሙስሊም በአላህ ድልድል ያምናል፤ ወንዱ ላይ ያለውን የነፈቃ ግዴታም ያውቃል። የእህታችን ወረቀት ግን አንድ አምስተኛውንም ሲሶውንም አይሰጣትም። በየገጠሩና በየከተማው የምናየው ይህ ነው፦ በሸሪዓ ስም እኩሌታውን የሚከራከር ወንድም፣ ማካፈሉ ሲመጣ «እህት ከወንድሟ ጋር ትካፈላለች እንዴ? ነውር ነው» ይላል። ያኔ ሸሪዓውም ሕጉም ይረሳል።

በዚህ ነውር ምክንያት ነው ብዙ እህቶች «ትቻለሁ» የሚሉት። ሊቃውንቱ በሐያእ ተይዞ የተሰጠ ገንዘብ ለተቀባዩ ሐላል እንደማይሆን ያስተምራሉ፤ ሪዷ የሌለበት መስጠት ነውና።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ውክልና (ወካላ) ማለት ንብረቱ የአንቺው ሆኖ ሥራውን ሌላ ሰው ይሥራልሽ ማለት ነው፤ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሂባ ግን ባለቤትነትን ያስተላልፋል፤ ወንድም ከተረከበው በኋላ «መልስልኝ» ማለት በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ አይቻልም። አደራ (አማና) ሦስተኛ ነገር ነው፤ እህታችን በልቧ የያዘችው እሱን ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ሳትፈርም መለሰችው። ከሳምንት በኋላ ታላቅ ወንድሟ ደውሎ «ስጦታ» የሚለውን ያስገባው ጸሐፊው ነው አላት። ሊሆን ይችላል። አዲሱ ወረቀት ውክልና ብቻ ነው፤ ቤቱን ማከራየት ይፈቅዳል፣ መሸጥ አይፈቅድም። በቃዲ ፊት ይካፈሉ ወይስ በመደበኛው ፍርድ ቤት በሚለው ግን እስካሁን አልተስማሙም፤ ለረመዳን ዕረፍት ስትሄድ ይነጋገሩበታል።